ለግራኝ ልጅ የሚሆን ደብተር

በዚያ የወረርሽኝ ዓመት ዕቃ መንካት ክልክል ነበር። በአረብ ኤምሬቶች አጅማን ከተማ፣ አል ኑዓይሚያ ሰፈር፣ ከምንኖርበት ሕንፃ ሥር አንዲት የደብተርና የእርሳስ መሸጫ አለች፤ እኛም እንደ አገሩ ሰው መክተባ እንላታለን። ባለሱቁ ሽማግሌ ሕንዳዊ ነው። በሩ ላይ ጠረጴዛ ደንቅሮ ከኋላው ይቆማል፤ እኔ ከውጭ ሆኜ በጣቴ እጠቁማለሁ፣ እሱ በጓንቱ አንሥቶ ያሳየኛል። የእጅ ጽሑፍ መለማመጃዎቹ ሁሉ በላስቲክ ታሽገዋል። ካልገለጥኩት በምን ልምረጠው? ሽፋኑ ላይ የሚስቅ ፖም አለ። ፖም ምን እንደሚያስቀው እስካሁን አልገባኝም፤ ያን ሰሞን የሚስቅ ነገር ሁሉ ያናድደኝ ነበር።

ልጄ ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ትምህርት ቤቷ ተዘግቶ ትምህርቱ በስልክ ሆነ። እሷ ደግሞ ስልኩ ላይ የተደረደሩትን ልጆች ፊት ስታይ ቆይታ ጠረጴዛ ሥር ገብታ ትደበቃለች። መምህሯ ስሟን ስትጠራ እኔ ነኝ «አቤት» የምለው። ከጠረጴዛ ሥር ለሚማር ልጅ ክፍያ መክፈል ስላቃተኝ አስወጣኋትና ቤት አስተምራታለሁ አልኩ። ማን እንደሚያግዘኝ አላሰብኩበትም።

አባቷ አልነበረም። በረራ ከመቆሙ ጥቂት ቀደም ብሎ ለአባቱ ለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄዶ እዚያው ቀረ። መኖሪያ ፈቃዱ እዚያው እያለ አለቀ፤ ይሠራበት የነበረውም መጋዘን ተዘጋ። እንደማይመለስ ሁለታችንም እያወቅን ለብዙ ጊዜ «ስትመጣ» እና «ስመጣ» እንባባል ነበር። አንድ ቀን ግን እሱ ቀድሞ ተወው።

«በረራ ሲከፈት ከሚገባ ሰው ጋር ላኪያት» አለኝ። «ትምህርት ቤት ሲከፈት አንደኛ ክፍል ትገባለች። እናቴ አለች፣ እኔ አለሁ። አንቺ ሹግልሽን፣ ሥራሽን ሥሪ።»

ክፉ ነገር አልተናገረም። እዚህ አገር ያለን ሴቶች ልጅ መላክ ልማዳችን ነው። ወልደን ጥቂት አጥብተን፣ መራመድ ሲጀምር ወደ አገር ከሚገባ ሰው ጋር ለእናታችን እንሰዳለን። ሁሉም ያደርገዋል፣ ማንም በማንም አይፈርድም። እኔ ብቻ ነኝ ሙጭጭ ብዬ ያቆየኋት። «እናየዋለን» ብዬ ስልኩን ዘጋሁና ወደ መክተባዋ ወርጄ ባለፖሙን የእንግሊዝኛ መለማመጃ ገዛሁ። እዚሁ እንደምትቀር ለራሴ የነገርኩት በዚያ ነው።

ልጄ ግራኝ ናት። ደብተሩን የሠራው ሰው ግን ግራኝ ልጅ በዓለም ላይ መኖሯን አልሰማም። አርአያ የሚሆነው ፊደል በየመስመሩ በግራ ጫፍ ታትሟል፤ እሷ መጻፍ ስትጀምር እጇ ልክ እሱ ላይ ያርፋል። እጇን አንሥታ ታያለች፣ መልሳ ታሳርፋለች፣ ትረሳዋለች፣ እንደገና ታነሣለች። የጻፈችውንም በመዳፏ እየጠረገችው ስለምትሄድ የእጇ ዳር በእርሳስ ይጠቁራል። ከጥቂት ቀን በኋላ እርሳሱን ወርውራ «እኔ አልችልም» አለችና ጠረጴዛ ሥር ገባች። የሚስቀውን ፖም በቅጡ ረገምኩት።

ለባለሱቁ የሆነውን ነገርኩት፣ ግራ እጄን ከፍ አድርጌ አሳየሁት። አሰብ አደረገና የአረብኛ መለማመጃ አወጣ። «ይሄ ከቀኝ ነው የሚጀምረው፤ ለእጇ ይመቻታል» አለኝ። ልክ ነበር። ልጄ በአረብኛው ደብተር ሌላ ሰው ሆነች። እጇ ከጻፈችው እየሸሸ ወደ ግራ ይሄዳል፣ የሚሸፍነው ነገር የለም። ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ መስመር ሳትስት ገጽ ትሞላለች። እኔ ደግሞ ከጎኗ ተቀምጬ ምንም አላነብም። የምሠራው ጸጉር ቤት ነውና የጸጉር ቤት አረብኛ አለኝ፤ ሙቅ ነው፣ ቀዝቃዛ ነው፣ ይጠር፣ ይርዘም፣ ኸላስ፤ በቃ። ፊደሉን ግን አላውቀውም። ከሰው ሁሉ ተለይቼ አንድ ክፍል ውስጥ የቀረኝ አንድ ሰው ነበር፤ እሷም አጠገቤ ቁጭ ብላ እኔ የማልገባበት ቤት ትሠራ ጀመር። ብቸኝነት እንዲያ ያለ መልክ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ጎረቤቴ ደረሰችልኝ። በዚያው አፓርታማ የሚቀጥለው ክፍል ውስጥ የምትኖር፣ ከእኔ በዕድሜ የምትበልጥ የወሎ ሴት ናት። ማዳሟ ወረርሽኙ ሲመጣ አሰናብታት ሥራ ፈት ሆና ስለነበር፣ ጎረቤት ከተማ ሻርጃ የምሠራበት የሴቶች ጸጉር ቤት ሲከፈት ልጄን የምትይዝልኝ እሷ ነበረች። ልጅ ሆና ቁርአን ቤት ስለተማረች የአረብኛውን ፊደል ታነባለች።

«ዋላሂ፣ ጽሑፏ ከእኔ ይበልጣል!» አለች ደብተሩን ወደ አምፖሉ ከፍ አድርጋ። «ግን በግራዋ ለምን ተውሻት? ያላ፣ የኔ እናት፣ በቀኝሽ ያዢ።»

«ተያት!» ብዬ ጮኽኩባት።

«እሺ፣ ሙሽኪላ የለም፣ ተውኳት።» እየሳቀች ተቀመጠች።

እሷ ታነባለች እንጂ ልጄ የጻፈችው ምን ማለት እንደሆነ አይገባትም፤ ለሥራ የሚሆናትን አረብኛ እንኳ ከእኔ ያነሰ ነው የምትችለው። እኔ ይገባኛል እንጂ አላነብም። እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ባብ» ስትል እኔ «በር!» እላለሁ፤ «ሸምስ» ስትል «ፀሐይ!» እላለሁ። ሁለታችን ተደምረን አንድ የተማረ ሰው ወጣን። ልጄ በእኛ ሳቀች፣ እኛም ሳቅን። ከዚያ ጎረቤቴ ወደ ክፍሏ ሄደችና ቤቱ እንደገና የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ የሚሰማበት ሆነ።

ባለቤቴ ሲሰማ አልሳቀም። «አረብኛ ምን ይሠራላታል? ፊደል አስቆጥሪያት እንጂ» አለኝ። በቪዲዮ ነበር የምናወራው። ስልኩን ዞር አድርጎ የእናቱን ቤት ግድግዳ አሳየኝ፤ ትልቅ የፊደል ገበታ ለጥፎበታል። ከጎኑ ምስማር ላይ ትንሽ ቀይ ሹራብ ተሰቅሏል። ልጄ ብርድ አታውቅም፤ ሹራብ ለብሳም አታውቅም። «ለኔ ነው?» አለች። «ላንቺ ነው፣ የኔ ቆንጆ። እዚህ ይበርዳል» አላት። ያን ጊዜ ሆዴ ባባ፤ ለእሱ።

አጅማንም ሻርጃም የአማርኛ መለማመጃ የሚባል ነገር የለም። አውቶቡስ ተሳፍሬ፣ መቀመጫው አንድ እየተዘለለ በፕላስተር ታጥሮ፣ ዱባይ አል ሙራቃባት ወዳለ የሐበሻ ሱቅ ሄድኩ። ከሽሮው በላይ፣ ፀሐይ ያነጣው አንድ የፊደል መጽሐፍ ተቀምጧል። ሻጯ አቧራውን እያራገፈች ማስኳን ወደ አገጯ አወረደችና «ልትልኪያት ነው?» አለችኝ።

«ማንን?»

«ልጅሽን ነዋ። ይሄን የሚገዛ ሁሉ የሚልክ ነው። እዚህ ለሚቀር ልጅ ማን ይገዛዋል?»

ገዛሁና ከቦርሳዬ ሥር አብሬ ከገዛሁት በርበሬ በታች ቀበርኩት፤ የሰረቅሁት ይመስል። በመንገዱ ሁሉ ስለዚያች ሴት አፍ ስናደድ መጣሁ። የተናደድኩት እውነቷን ስለነበረ ነው። እንግሊዝኛ ብገዛ እዚህ ትቀራለች፣ ፊደል ባስቆጥር ትሄዳለች፤ ከዚያ ሁሉ ደብተር የምመርጠው የእጅ ጽሑፍ አልነበረም።

መጽሐፉ ደግሞ ለማንበብ እንጂ ለመጻፍ አይሆንም። ስለዚህ መስመር ያለው ባዶ ደብተር ገዝቼ ራሴ ሠራሁት። ፊደሉን በነጠብጣብ እጽፍላታለሁ፣ እሷ ነጠብጣቡን ታያይዛለች። አርአያውን በመስመሩ በቀኝ ጫፍ አደረግሁት፣ እጇ እንዳይሸፍንባት። ፖም አልሣልኩም። ለልጄ እጅ ልክ የተሠራ ደብተር ይኸ ብቻ ነበር፤ እኔ ግን እንዳያልቅ እፈራው ነበር። አንድ ቀን ደከመኝ እላለሁ፣ ሌላ ቀን እርሳስ የለም እላለሁ። ሆን ብዬ ነበር የማዘገየው። ባወቀች ቁጥር የምትሄድ ይመስለኝ ነበር።

አባቷ አልጠበቀኝም። በስልክ «ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ» እያለ በዜማ ያስቆጥራት ገባ። ዜማ ደግሞ ትወዳለች። ብዙም ሳይቆይ ከሀ እስከ ፐ ሳታቋርጥ ታወርደው ጀመር። እሱ በደስታ እናቱን ጠራ፣ ጎረቤት ጠራ፤ «ቆጠረች! ልጄ ፊደል ቆጠረች!» አለ። እኔ ግን ያን ነገር አውቀዋለሁ። በልጅነታችን ክፍሉን በዜማ የምናናጋው ግማሾቻችን ገበታው ተገልብጦ ቢሰቀል አንለየውም ነበር። አገሩ ሁሉ ዜማውን ንባብ ይለዋል። ልጄም መካከል ላይ አንዱን ሳሳያት ጣራ ጣራ ታያለች።

በረራ ተከፈተ። ሻርጃ የምትኖር አንዲት የምናውቃት ሴት ልትገባ ነው፤ ባለቤቴ አስቀድሞ አነጋግሯታል፣ እሺ ብላዋለች። «በሚቀጥለው ሳምንት ናት። ከእሷ ጋር ትምጣ» አለኝ።

«ፊደል አታውቅም እኮ» አልኩት። «በዜማ ነው የያዘችው። እንዲሁ ብትመጣ ክፍል ውስጥ ይስቁባታል።»

«እንያት» አለ። ገበታው አጠገብ ሄደና በእርሳስ አንዱን ፊደል ነካ። «ይቺ ማናት፣ የኔ ቆንጆ?»

ልጄ ስልኩን አየች። ከዚያ እኔን አየች፣ ረጅም ጊዜ። «አላውቃትም» አለች።

ሌላ ነካ። «ይቺስ?»

«አላውቃትም።»

እርሳሱን አወረደ። ፊቱ ላይ የነበረው ነገር ሁሉ ጠፋ። «እንግዲያው ትንሽ ትቆይ» አለኝ፤ «ተምራ ትምጣ።» ስልኩ ተዘጋ። እኔም ደስ አለኝ። ሰው አንገቱን ሲደፋ አይቼ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም። ሻይ ልጥድ ተነሣሁ።

ስመለስ ልጄ ጠረጴዛው ላይ ደብተሩን ዘርግታ በግራ እጇ ትጽፋለች። ነጠብጣብ የለም፤ ባዶ መስመር ላይ ነው። አባቷ መጀመሪያ የነካትን «ደ»ን ጻፈች። ከጎኗ ሁለተኛዋን «ሸ»ን ጻፈች።

«እነዚህ ነበሩ» አለችኝ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ታውቂያቸዋለሽ?»

ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች።

«ለምን ታዲያ ለአባዬ አልነገርሽውም?»

«ካወቅኩ ትልኪኛለሻ።»

አንድ ክፍል ነው ያለን። ባለቤቴን የማወራው እሷ በተኛችበት፣ እሷ በምትጫወትበት ነው። ጠረጴዛ ሥር የተደበቀ ልጅ እንደማይሰማ ማን ነገረኝ? እኔ ደብተሩን ሳዘገይ እሷም ከእኔ ጋር ታዘገይ ኖሯል፤ ሁለታችንም በአንድ ክፍል ውስጥ፣ ለየብቻችን። ተንበርክኬ ፊቷን ያዝኩ።

«አልልክሽም» አልኳት። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም ነበር። «ብታውቂም ባታውቂም አልልክሽም።»

«ሁሉንም ባውቅም?»

«ሁሉንም ብታውቂም።»

ትንሽ አሰበችና እርሳሷን አነሣች። ፊደል በፊደል፣ ቅደም ተከተሉን እየዘለለች፣ የምታውቀውን ሁሉ ጻፈች። የእጇ ዳር እንደገና ጠቆረ። ገጹን ስትጨርስ ደብተሩን ደረቷ ላይ አቀፈችና «አሁን ለአባዬ እናሳየው» አለች።

እምቢ ማለት አልቻልኩም። ደወልን። ደብተሩን ስልኩ ላይ ለጥፋ ያዘችለት። እሱ ከላይ እስከ ታች አነበበው፤ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አያለሁ።

«በግራዋ ነው?» አለ በመጨረሻ።

«በግራዋ ነው። ታውቃለች፣ ሁሉንም ታውቃለች። ዝም ያለችህ እንዳልልካት ብላ ነው» አልኩት። «እኔም አልልካትም። አልችልም።»

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። አልተቆጣም። ዞር ብሎ ግድግዳውን አየ፤ ከጀርባው ገበታው አለ፣ ምስማሩም አለ።

«እንግዲያው እስክንገናኝ ሹራቡ ይጠባታላ» አለ።