ለባልየው ያልተነገረው

መካነ ሰላም ላይ የታሰርኩት ጫካ የገቡ ሰዎችን ቁስል አጥበሻል ተብዬ ነው። ዕድሜዬ ሃያ ሁለት ነበር፤ የሐኪም ቤት ድሬሰር፣ ቁስል አጣቢ፣ ነበርኩ። ያስገቡኝ የእህል መጋዘን ውስጥ ነው። ከድርቁ ወዲህ እህል አልገባበትም፤ ግድግዳው ግን ገና ገብስ ገብስ ይሸት ነበር። ስድስት ሴቶች ነበርን።

በሦስተኛው ቀን የአንድ ባላባት ሚስት አመጡ። ባላቸው ከእኛ ማዶ ወንዶቹ ዘንድ ታስረዋል። አብዮት ጠባቂው ጓዛቸውን ሲፈትሽ በጨርቅ የተጠቀለለ፣ አውራ ጣት የሚያክል ለስላሳ የብርጭቆ ዘንግ አገኘ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አላቸው። ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሲስቡ ወደ እኔ ዞረ። "አንቺ የሐኪም ቤት ሰው ነሽ፣ ምንድን ነው?"

አላውቅም ነበር። "የማህፀን መታከሚያ ነው" አልኩት። አፍሮ ዘንጉን ቶሎ መለሰላቸው።

ከሰዓት በኋላ ጠጋ ብዬ፣ "እትዬ፣ እውነት ምንድን ነው?" አልኳቸው።

"ያልሽው ነው" ብለው ፈገግ አሉ። የማህፀን በር ካንሰር ይዟቸው ባሕር ማዶ በጨረር ታክመው ድነዋል። ጨረሩ ብልትን ያደርቃል፣ ያጠብባልም፤ እንዳይጣበቅ ዘንጉን በቅባት እያለሰለሱ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲያስገቡ፣ ቁስሉ ከዳነ ደግሞ ከባላቸው ጋር መሆን እንደሚችሉ ሐኪሟ ነግራቸዋለች። "አስተርጓሚው ወንድ ነበር። ዓይኑን ጣሪያ ላይ ሰክቶ ነው የነገረኝ።"

ትምህርት ቤት ይህን ያስተማረኝ የለም። "ያማል?" አልኳቸው።

"መጀመሪያ ያማል። ቀስ ካሉት እየተሻለ ይሄዳል።"

"ፍላጎቱስ?"

"ጠፍቶ ከርሞ ተመለሰ። ያልተመለሰው ሰውየው ነው። ሁለት ዓመት አልነካኝም። ተጸይፎኝ ይሆናል።"

ቁስል እንዳጥብ ሳጥኔን አስይዘው ወደ ወንዶቹ ይወስዱኝ ነበር። ከሳምንት በኋላ የባልየውን የተገረፈ እግር እያጠብኩ፣ ቀና ሳልል፣ "ጋሼ፣ እትዬ እኮ ድነዋል። ቢቀርቧቸው ጉዳት የለውም ተብለዋል" አልኳቸው።

እግራቸውን የሚሰበስቡ መስሎኝ ነበር። አልሰበሰቡም።

"ለእኔ ማን ነገረኝ?" አሉ። "ጨረር እሳት ነው ሲሉኝ፣ የተቃጠለ ገላ ብነካ አሳምማታለሁ ብዬ ነው። አብሽሪ፣ አይዞሽ በያት።"

ይህን ስነግራቸው ወይዘሮዋ፣ "አሳምማታለሁ ነው ያለው? ቃሉን ድገሚልኝ" አሉ። ሦስት ጊዜ ደገምኩላቸው።

ከታሰሩ ጀምሮ ሰው እያየ አፍረው ዘንጉን አልተጠቀሙበትም ነበር። ያን ቀን በሳሙናና አፍልቼ ባቀዘቀዝኩት ውሃ አጠብኩላቸው፤ ከቁስል ሳጥኔ ቫዝሊን ሰጠኋቸው። አንዷ እስረኛ ነጠላዋን ከምሰሶ ምሰሶ ወጠረች። የቀረነው ጀርባችንን ሰጥተን ተቀመጥን። በሩ ላይ ያለውን ጠባቂ፣ "ሴት ልብስ ትለውጣለች" አልኩት፤ ፊቱን ወደ ግቢው አዞረ። ከዚያ በኋላ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲሁ ሆነ፤ ለምን ብሎ የጠየቀ የለም።

ከወራት በኋላ ሁላችንም ተፈታን። የባልና ሚስቱ መሬት ተወርሶ ነበርና ወረኢሉ ቤት ተከራይተው ገቡ። አንድ ጊዜ ገበያ ላይ ወይዘሮዋን አገኘኋቸው። "ደህና ነን" አሉኝ፤ "ደህና ነኝ" አላሉም።

ዛሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። በኋላ ተምሬ ነርስ ሆኜ ስሠራ ከጨረር ሕክምና የተመለሱ ሴቶችን ስለ ምግባቸውና ስለ ሽንታቸው እጠይቅ ነበር፤ ቀጥዬም ስለ መኝታቸው። ብዙዎቹ በሩ መዘጋቱን ዞረው ካዩ በኋላ ነበር የሚያወሩት። ተጨዋውተን ስንጨርስ፣ የሴቲቱ ፈቃድ ከሆነ፣ ውጭ አግዳሚው ላይ የሚጠብቀውን ባሏንም ግባ እለው ነበር።