ደካ ባለው ነጥብ ዙሪያ የተተከለው እንሰት

ሥራ የጀመርኩ ዕለት በእጄ የገባው ዕቃ የቀለም ብሩሽ ነው። ቦንጋ ተወልጄ ያደግሁ፣ ከቅየሳ ትምህርት ገና የወጣሁ ጎረምሳ ነበርኩ፤ ጂፒኤስ ይሰጠኛል ብዬ አዲስ ሸሚዝ ለብሼ ነበር የሄድኩት። የቡድናችን መሪ አቶ መስፍን ኮንክሪት ውስጥ የተቀበረች የነሐስ ምልክት አሳዩኝ። ስፋቷ ከጠርሙስ ቆርኪ ብዙም አይበልጥም፤ መሃሏ ላይ ትንሽ ጉድጓድ አለቻት። “ይህችን ጥረግ፤ መጥረግ ስትችል ስለ ሌላው እናወራለን” አሉኝ።

ሥራችን የመሬት ቅርፊት ሲንቀሳቀስ መለካት ነው። ባለሦስት እግሩን መቆሚያ ከነጥቧ በላይ እናቆማለን፤ አንቴናውን እናስርበታለን፤ ከነጥቧ እስከ አንቴናው ያለውን ቁመት በሦስት በኩል እንለካለን። ሦስቱ ካልተስማሙ አፍርሰን እንደገና እንተክላለን። ከዚያ መሣሪያው የሳተላይት ምልክት እየተቀበለ ሦስት ቀን ይቆማል። በዓመቱ ተመልሰን እዚያው ላይ ያንኑ እንደግማለን። መሬታችን በዓመት የምትሄደው ጥፍር የሚያድገውን ያህል ስለሆነ፣ ዓመታት ካልተጠራቀሙ ልኬቱ ምንም አይናገርም።

እናቴ ይህን ማስረዳት አልተቻለኝም። “ዓምና የለካችሁትን ዘንድሮም?” ትልና “ሥራ ያጣ መነኩሴ ቆቡን ቀዶ ይሰፋል” ብላ ትስቅብኝ ነበር። አሁን ጡረታ ወጥቼ ቤት ስቀመጥ ከሁሉ የሚናፍቀኝ ያ ሳቋ ነው።

በእኔ ኃላፊነት አራት ነጥቦች ነበሩ፦ ቦንጋ፣ ዋጫ፣ ቢታ ገነትና ደካ። መኪናችን ጭቃ ውስጥ ያልቀረበት ዓመት አላስታውስም። የቀረውን መንገድ ባትሪውን በፈረስ ጭነን፣ አንቴናውን እንደ ሕፃን አቅፌ በእግር እጨርሰዋለሁ። ያኔ አማርር ነበር፤ ዛሬ ያንን ጭቃ እንኳ ብረግጠው ደስ ይለኛል።

የደካዋ ነጥብ የምትገኘው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ጋሽ ቆጪቶ የሚባሉ ገበሬ ግቢ ውስጥ ነው። ጠባቂዋም እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ሳስረክባቸው “እንደ ቤትዎ ይጠብቁልኝ” አልኳቸው። “አንተ ሂድ፣ እኔ አለሁ” አሉኝ።

በሦስተኛው ዓመት ስመለስ ነጥቧን ዙሪያዋን የእንሰት ችግኝ ከቧታል፤ ቁመቱ እስከ ጉልበቴ ነው። “ከብት እንዳይረግጣት ብዬ ነው” አሉ ጋሽ ቆጪቶ። በእኛ አገር እንሰት የሚተከለው ከቤት ሥር ነው፤ ዓይን የማይለየው ነገር ነው። እንደ ቤትዎ ስላቸው እንደ ቤታቸው አደረጉላት። ልቤ ተነካና “አምሮባታል” አልኩ።

በዓመቱ እንሰቱ ትከሻዬ ደረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ከራሴ በላይ ሆነ። የመስክ ቅጻችን ላይ ክብ አለ፤ በነጥቡ ዙሪያ ሰማዩን የሚጋርድ ዛፍም ይሁን ቤት ካለ እዚያ ላይ ይሣላል። ያን ቀን ዝናቡ አላባራ አለ፣ ሾፌሩም መንገዱ ሳይዘጋ እንውጣ እያለ ይጣራል። መኪና ውስጥ ተቀምጬ የቀደመውን ዓመት ባዶ ክብ ገለበጥኩ። ቀና ብዬ ባይ አምስት ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

ስሌቱ ሲመጣ ሦስቱ ነጥቦች እንደ ልማዳቸው ናቸው፤ ደካ ብቻ ዝቅ ብላለች። አቶ መስፍን ቦንጋ ቢሯቸው ጠሩኝ።

“ጠባቂው አንቴናውን ነካክቷል። ዝናብ እንዳይመታው አንስቶ መልሶት ይሆናል። ያንተ ቅጽ ሰማዩ ክፍት ነው ይላል፤ ሌላ ምን ምክንያት ይኖራል? ነጥቡን እንሰርዛለን፣ ሰውየውንም እናሰናብታለን። ደብዳቤውን አንተው ውሰድለት።”

ያን ሰሞን የሲኒየር ቴክኒሺያንነት ደብዳቤዬ ጠረጴዛቸው ላይ ፊርማ ይጠብቃል። እንሰቱ ትዝ አለኝ፤ ግን “እሺ” ብዬ ወጣሁ።

ደካ ስደርስ ከቤቱ ቀድሞ የታየኝ እንሰቱ ነው፤ ሰፋፊ ቅጠሉ ዝናብ ተሸክሞ ያብረቀርቃል። ደብዳቤውን ለጋሽ ቆጪቶ አነበብኩላቸው። “ነካካ ይላል? ዶሮ እንኳ አላስጠጋሁም” አሉ። ክንዴን ይዘው ወደ ነጥቧ ወሰዱኝ። እኔ ከምጠርጋት በላይ ተጠርጋለች።

ከዚያ በላይ መዋሸት አልቻልኩም። “እርስዎ አይደሉም። እንሰቱ ነው” አልኩ። ምልክቱ ከሰማይ በየአቅጣጫው እንደሚመጣ፣ እርጥብ ቅጠል እንደሚጋርደውና እንደሚያዛባው አስረዳኋቸው።

“ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?” አሉ። “ይኸው በመጣህ ቁጥር አጎንብሰህ መሬቱን ትጠርጋለህ፣ መሬቱን ትለካለህ። አንድ ቀን ቀና ስትል አላየሁህም። እኔ ሥራህ መሬት ውስጥ መስሎኝ።”

አፈርኩ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይላሉ፤ አደራውን የበላሁት እኔ ነበርኩ።

እንሰቱ የባለቤታቸው የእትዬ ወርቅነሽ ነው፤ ፍቆ ቆጮ ማድረስ የሴቶቹ ሥራ ነውና። እንሰቱ መነሣት እንዳለበት ስነግራቸው እትዬ ወርቅነሽ ግንዱን በመዳፋቸው ዳሰሱት። “ገና ነው። ሁለት ዓመት ይቀረዋል” አሉ። “ባይቆረጥስ?”

“ነጥቡ ይሰረዛል።”

“የሱም ስም አብሮ ይበላሻል?”

“አብሮ።”

“እንግዲያው ይቆረጥ።”

በማግስቱ ጠዋት ጎረቤቶች መጡ። ለጋ ለጋውን ነቅለን ጓሮ ተከልን፤ ትልልቁን ወንዶቹ ጣሉት፣ ሴቶቹ ይፍቁት ጀመር። እኔም እቆፍር ነበር፤ እጄ ውሃ ሲቋጥር ያዩ ሴቶች “የመንግሥት እጅ” እያሉ ሳቁብኝ። ከዚያ መኪናው ላይ የነበረውን አንቴና ተከልኩና ሦስት ቀን ቆየሁ።

ቦንጋ ተመልሼ የጻፍኩት ሪፖርት አጭር ነበር፦ የሰማዩን ሥዕል ሳላይ ገልብጫለሁ፤ ጠባቂው መሣሪያውን አልነካም። አቶ መስፍን ሁለት ጊዜ አነበቡት።

“ይህን ካስገባህ ያኛው ደብዳቤህ እንደማይፈረም ታውቃለህ?”

“አውቃለሁ” አልኩ።

አልተፈረመም። መጥረግ ያስተማርኩት ልጅ ቀድሞኝ ሲኒየር ሆነ፤ ከንክኖኝ አያውቅም ብል ውሸት ነው። ደካ ግን ከሦስቱ ነጥቦች ጋር ተስማማች። ቅጠሉ የጋረዳቸው ዓመታት “አጠራጣሪ” ተብለው ተመዘገቡ፤ ሌሎቹ ተረፉ። ጋሽ ቆጪቶም በጠባቂነታቸው ቆዩ።

ከወራት በኋላ ሾፌራችን ከደካ ሲመለስ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮ ይዞልኝ መጣ። እትዬ ወርቅነሽ “የዚያ እንሰት ነው፣ ድርሻህ ነው” ብለው ልከውልኛል። ያልደረሰ እንሰት ቆጮ እንደነገሩ ነው፤ አይያያዝም፣ ጣዕምም የለው። እናቴ ጋግራልኝ ምንም ሳላስተርፍ በላሁት።

በዚህ ሙያ ላላችሁ የምለው ይኸው ነው። ነጥብ ለሰው አደራ ስትሰጡ ምን እንደሚጎዳት ንገሩት። ያላያችሁትን ሰማይ ክፍት ነው ብላችሁ አትፈርሙ።