አጣቢዋ ሲታጠቡ

የሆስፒታል አንሶላ እንዴት እንደሚታጠብ አብዛኛው ሰው አያውቅም። እትዬ እንፋሎት ግን የሚጠይቃቸው ሰው ካገኙ ቁጭ አድርገው ያስረዱት ነበር። ደም የነካው ጨርቅ መጀመሪያ የሚነከረው በቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ ሙቅ ውሃ ደሙን አብስሎ ከክሩ ጋር ያጣብቀዋልና። ቅባት የነካው ደግሞ ሙቅ ይወዳል። ስለዚህ ልብስ የሚለየው በቀለሙ ሳይሆን በእድፉ ነው። አንሶላ ሲታጠፍ ሁለት ሰዎች ጫፍና ጫፍ ይይዙና ወጠር አድርገው፣ እየተራመዱ መሐል ላይ ይገናኛሉ፤ ጎንበስ ብሎ የታችኛውን እጥፋት የሚያነሣው በዕድሜ ታናሽ የሆነው ነው። እትዬ እንፋሎት በዚህ ሥራ ሠላሳ አራት ዓመት ቆይተዋል።

ቅጽል ስማቸውን ያወጡላቸው የሥራ ባልደረቦቻቸው ናቸው። የመተኮሻው ማሽን ክዳን ሲነሣ ፊታቸው ከእንፋሎቱ መሐል ብቅ ስለሚል ነው የሚሉ አሉ። ሌሎቹ ደግሞ፣ «ምን ማሽን አመጣው፣ ሲቆጡ አላያችኋቸውም?» ይላሉ። ሁለቱም እውነት ሳይሆን አይቀርም።

ጡረታ ወጥተው፣ ባላቸው ሞተው፣ ከልጃቸውና ከምራታቸው ጋር መኖር ሲጀምሩ ስልሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ልጃቸው የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ ምራታቸው ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች። በሰባ አንድ ዓመታቸው የጣቶቻቸው አንጓ አብጦ፣ ጠዋት ጠዋት የሹራባቸውን ቁልፍ ለመቆለፍ ሩብ ሰዓት ይፈጅባቸው ጀመር። ጉልበታቸው ደግሞ ደረጃ ሲያይ ያጉረመርማል። አንድ ቀን መታጠቢያ ገንዳው ውስጥ ተንሸራተው ወደቁ። ምራታቸው ከሥራ እስክትመለስ ድረስ፣ ውሃው ከላይ እየወረደባቸው፣ መነሣት አቅቷቸው ተኝተው ቆዩ። አጥንት አልተሰበረም። ሐኪሙ ግን አንድ ነገር ደጋግሞ አስጠነቀቃቸው፤ ከእንግዲህ ብቻዎን እንዳይታጠቡ አላቸው።

«ሰምተሻል እማዬ» አለ ልጃቸው ከክሊኒኩ ሲመለሱ። «ከእንግዲህ ሚስቴ ታግዝሻለች።»

«እኔ የስንቱን በሽተኛ አንሶላ ያጠብኩ ሰው፣ የራሴ አንድ ገላ ያቅተኛል?»

«አቅቶሽ አይደል እንዴ ወድቀሽ ያገኘንሽ?»

«ገንዳው ነው ያዳለጠኝ።»

«ታዲያ እኛን ለምን አያዳልጠንም?»

«እናንተማ መች በደንብ ትታጠባላችሁና!»

ልጃቸው ሳቀ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን እትዬ እንፋሎት ገንዳው ውስጥ መግባት ተዉ። እጅ መታጠቢያው ጋ ቆመው፣ ፎጣ አርጥበው፣ የደረሱበትን ያህል ያብሳሉ። ምራታቸው ስትጠይቃቸው «ታጠብኩ እኮ» ይላሉ። ጀርባቸው ላይ ግን አይደርሱም። ብብታቸው ሥር ቆዳው ተላልጦ ማሳከክ ጀምሮ ነበር፤ ይህንን ደብቀው ያዙ። ነገሩን በትክክል ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ይጠቅማል። በእትዬ እንፋሎት ዓለም ሰው ሁለት ዓይነት ነው፤ የሚያጥብና የሚታጠብለት። ዕድሜያቸውን ሙሉ የቆሙት ከአጣቢዎቹ ጋር ነው። ገላቸውን ለምራታቸው እጅ መስጠት፣ ወደ ሌላኛው ወገን ተሻግሮ ያለ መመለሻ እዚያው መቅረት መሰላቸው።

ከካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጋር ያስተዋወቃቸው ጉልበታቸው ነው ማለት ይቻላል። ከአውቶቡስ ማቆሚያው እስከ ቤታቸው ያለውን መንገድ አንድ ትንፋሽ መሄድ ሲያቅታቸው፣ መሐል ላይ ያለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን በሯ ክፍት ስለነበር ገብተው የመጨረሻው አግዳሚ ወንበር ላይ ማረፍ ጀመሩ። ወላጆቻቸው ሃይማኖት አልነበራቸውም፤ እሳቸውም ስለ እግዚአብሔር አስበው አያውቁም። ከፊታቸው ያለውን ያዩ የነበረው በአጣቢ ዓይን ነው። በሦስተኛው ቀን አላስችል አላቸው። ቤተ ክርስቲያኑን የሚጠብቁት ሽማግሌ ወገባቸው ላይ እፍኝ የሚሞላ ቁልፍ ስለሚያንጠለጥሉ ሁሉም ጋሽ ቁልፍ ይሏቸዋል። ወደ እሳቸው ሄዱ።

«ይቅርታ፣ ያንን የመሠዊያ ልብስ የተኮሰው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ያስታውቃል።»

ጋሽ ቁልፍ ቅር አላላቸውም። እንዲያውም በማግሥቱ አንድ ከረጢት ጨርቅ አስረከቧቸው። ትልልቁን ልብስ ማሽን ያጥበዋል፤ ትንንሾቹ ጨርቆች ግን በእጅ ነው የሚታጠቡት፤ ያበጡ ጣቶችም ቢሆኑ አያቅታቸውም።

የመጀመሪያው ቀን ላይ የሆነውን ነገር ከአጣቢ በቀር ሌላ ሰው አይሠራውም። ማንኛውም ደህና አጣቢ ጨርቅ ከመንከሩ በፊት ያራግፋል፤ አቧራና ፍርፋሪ ውሃውን እንዳያደፈርሰው። እትዬ እንፋሎት ከከረጢቱ ውስጥ በጥንቃቄ የታጠፈ ነጭ አራት ማዕዘን ጨርቅ አወጡ፤ ዘረጉት፤ ወደ በሩ ሄደው ሁለት ጊዜ «ጧ! ጧ!» አድርገው አራገፉት።

«ኧረ በማርያም!» ጋሽ ቁልፍ ቁልፋቸውን እያንኳኩ ሮጠው መጥተው ደጃፉ ላይ ተንበረከኩ። በሁለት እጃቸው ድንጋዩን ይዳብሱ ጀመር።

«ምን ጠፋብዎት?»

«ይቆዩ፣ አይርገጡ! ባሉበት ይቁሙ!»

በጩኸቱ ቄሱ ወጡ። ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ የሆነውን ሲሰሙ አልተቆጡም። እትዬ እንፋሎትን ወንበር ላይ አስቀምጠው ከመጀመሪያው አስረዷቸው። ያ ጨርቅ በቅዳሴ ጊዜ መሠዊያው ላይ ተዘርግቶ ጽዋውና የቁርባኑ ኅብስት የሚያርፉበት ነው። ካቶሊኮች ያ ኅብስት በቅዳሴው የክርስቶስ ሥጋ ይሆናል፤ በእያንዳንዷ ፍርፋሪ ውስጥም ክርስቶስ ሙሉውን አለ ብለው ያምናሉ። ስለዚህ ጨርቁ አይራገፍም። ጎኖቹ ወደ ውስጥ እየታጠፉ ዘጠኝ ትንንሽ አራት ማዕዘን ይሆናል፤ ምንም ነገር እንዳይወድቅ ነው። የሚገለጠው ውሃው ላይ ነው፤ የመጀመሪያው እጣቢ ደግሞ ፍሳሽ ውስጥ አይደፋም።

«ታዲያ የት ነው የሚደፋው?»

ቄሱ ወስደው አሳዩአቸው። ከመሠዊያው ጀርባ ባለች ክፍል ውስጥ ትንሽ የድንጋይ ገንዳ አለች። እትዬ እንፋሎት ጎንበስ ብለው ከሥር አዩ።

«ይሄ ቧንቧ የት ይደርሳል?»

«ቀጥታ መሬት ውስጥ።»

«ከሽንት ቤቱ መስመር ጋር አይገናኝም?»

«በፍጹም።»

«ለዚህ ብቻ ተብሎ ነው የተቀበረው?»

«ለዚህ ብቻ።»

ገንዳዋን ሲያዩ ቆዩ። በሆስፒታሉ ለሚታይ እድፍ የተጠነቀቀ ሰው ሞልቷል፤ ዋናዋ እሳቸው ነበሩ። ዓይን ለማያየው ነገር ግን መሬት ቆፍሮ ቧንቧ የቀበረ ሰው አላጋጠማቸውም። ከኋላቸው ጋሽ ቁልፍ ደጃፉን ሊያጥቡና እጣቢውን እዚያችው ገንዳ ውስጥ ሊደፉ ጣሳ ውሃ ይሞላሉ። ብዙዎች ወደ እምነት የሚመጡት በሐዘን ወይም በስብከት እንደሆነ ይነገራል፤ የእትዬ እንፋሎት መንገድ የተከፈተው በዚህ ቧንቧ በኩል መሆኑ በጣም ደስ ይላል።

ሁለት ሳምንት ሙሉ ካሰቡ በኋላ ቄሱን ያዟቸው። «አባ፣ ለፍርፋሪው እንዲህ ከተጠነቀቃችሁ፣ ለሰውስ?»

«ለሰውማ ከዚህም የበለጠ መጠንቀቅ ነበረብን» አሉ ቄሱ። «አንዳንዴ እንረሳዋለን እንጂ።»

ለጥምቀት የሚያዘጋጀውን ትምህርተ ክርስቶስ የጀመሩት በዚያው ሳምንት ነው። ዓመት ፈጀ። እትዬ እንፋሎት በየማክሰኞው ጥያቄያቸውን በወረቀት ጽፈው ይመጡ ነበር፤ አንዱ ሳይመለስ ወደ ሁለተኛው አያልፉም። ከጥያቄዎቹ አንዱ እንዲህ የሚል ነው፦

«ጣቶቼን እንዲያድንልኝ ብለምነው ነውር ነው?»

«ምን ነውር አለው፣ ይለምኑት።»

«ባይድኑስ?»

«ያኔም ይምጡ። ያንኑ ይንገሩት።»

ጣቶቻቸው አልዳኑም። ጨርቁን መጭመቅ ሲያቅታቸው ጋሽ ቁልፍ ይጨምቁላቸው ጀመር፤ እትዬ እንፋሎት አጠገባቸው ቆመው «አይጠምዝዙት፣ ዶሮ አይደለም» እያሉ። እቤት ግን ነገሩ ባለበት ነው። ፎጣውም እጅ መታጠቢያውም አልተለወጡም፤ «ታጠብኩ እኮ»ም እንደዚያው። ምራታቸው አንድ ቀን የቆዳ ቅባት ከፋርማሲ አምጥታ አልጋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ያን ቀን እንደተነቃባቸው አወቁ።

ጥምቀታቸው ሦስት ሳምንት ሲቀረው ቄሱ ሥርዓቱን ደረጃ በደረጃ አስረዷቸው። እዚህ ይቀመጣሉ፣ አንገትዎን ዝቅ ያደርጋሉ፣ እኔ ሦስት ጊዜ ውሃ አፈስሳለሁ።

«ጣሳውን ለኔ ይስጡኝና እኔው ላፍስሰው» አሉ እትዬ እንፋሎት። «ውሃ መቅዳት አያቅተኝም።»

ቄሱ ሳቁ። «አይሆንም እናቴ። ራሱን ማጥመቅ የሚችል ሰው የለም። እኔም በሰው እጅ ነው የተጠመቅኩት። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳቱም ቢሆኑ እንደዚያው ነው።»

ቄሱ የተናገሩት ተራ የሥርዓት ጉዳይ ነው። እትዬ እንፋሎት ግን ወረቀታቸውን አጥፈው፣ ቀጣዩን ጥያቄ ሳይጠይቁ ወጡ። ሁለት ማክሰኞ ከትምህርቱ ቀሩ። ጉልበቴን አሞኛል አሉ፤ ጉልበታቸው ከሌላው ቀን የተለየ ነገር አልነበረውም። የሸሹትን ነገር ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቀድሞ ተቀምጦ ሲጠብቃቸው አገኙት።

በሁለተኛው ማክሰኞ ጋሽ ቁልፍ ከረጢታቸውን ይዘው ቤታቸው መጡ። ሻይ ቀርቦላቸው ተቀመጡ።

«እኔ ስተኩሰው አቃጠልኩት። ይኸው» አሉ ጨርቁን እያሳዩ።

«ሆን ብለው ነው።»

«ግማሹን ሆን ብዬ ነው።» ሻዩን ፉት አሉ። «ምን ሆነው ነው የጠፉት?»

እትዬ እንፋሎት ለማንም ያልተናገሩትን ለእሳቸው ነገሯቸው፤ ስለ ገንዳው፣ ስለ ፎጣው፣ ስለ ምራታቸው። ጋሽ ቁልፍ ሰምተው እግራቸውን ወደ ፊት ዘረጉ።

«ይሄን ጫማ ያዩታል? ወገቤ ከታመመ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የምታስርልኝ ሴት ልጄ ናት።»

«አያሳፍርም?»

«ያሳፍራል እንጂ። ከዚያ ጫማው ይታሰራል፣ ወደ ሥራዬ እሄዳለሁ።»

ለጥምቀቱ በተቀጠረው እሑድ ከሰዓት በኋላ እትዬ እንፋሎት ሄዱ። ልጃቸው የሥራ ፈረቃውን ቀይሮ መጥቷል፤ ምራታቸው ከጎኑ ናት። ማጎንበስ ስለሚከብዳቸው የጥምቀት ገንዳው አጠገብ በርጩማ ተደርጎላቸዋል። አንገታቸውን ዝቅ አደረጉ። ውሃው ለብ ያለ ነበር፤ ማን እንዳሞቀው ለመጠየቅ አፋቸውን ሊከፍቱ ሲሉ ቄሱ የመጀመሪያውን አፈሰሱ። በአብ፣ በወልድ፣ በመንፈስ ቅዱስ ስም። ውሃው በጆሯቸው ሥር ወርዶ አንገትጌያቸው ውስጥ ገባ። እጃቸው ፎጣ ፍለጋ ሊነሣ ሲል ያዙትና ጭናቸው ላይ መለሱት። ሌላ ሰው አደረቃቸው። ከዚያ በቅዳሴው ላይ የመጀመሪያ ቁርባናቸውን ተቀበሉ፤ ጣቶቻቸው ስላበጡ ቄሱ በአፋቸው ሰጧቸው። ያኔም አላፈሩም፤ ማፈራቸውን የረሱት ይመስላል።

ረቡዕ ምራታቸው ከሥራ የምታርፍበት ቀን ነው። ጠዋት ቁርስ አንሥታ ስትጨርስ፣ እትዬ እንፋሎት የመታጠቢያ ቤቱን በር ተደግፈው ቆመው ነበር።

«ነይማ» አሉ። «ጀርባዬ አይደረስበትም።»

ምራታቸው እጅጌዋን ሰበሰበች። ገንዳው ውስጥ የፕላስቲክ ወንበር አስገባች፤ ውሃውን በክንዷ ለካች።

«እንደሱ አይደለም የሚለካው። በክርንሽ ነው።»

«እሺ እማማ።»

«ሳሙናውን መጀመሪያ እጅሽ ላይ አረፋ አድርጊው። እኔ ላይ አትፈትጊው። ከላይ ወደ ታች ነው፣ ከዚያ…»

«እማማ፣ እርስዎ እኮ አንሶላ አይደሉም!»

እትዬ እንፋሎት ሳቅ አመለጣቸው፤ ሳቁ መታጠቢያ ቤቱን ሞላው። ከዚያ ማዘዛቸውን ተዉ። የምራታቸው እጅ ከትከሻቸው እስከ ወገባቸው እየወረደ፣ የተላላጠው ቆዳ ላይ ሲደርስ እየቀለለ ይሠራል። ደህና እጅ ነው ብለው አሰቡ፤ ተቆጣጣሪ ቢሆኑ ይቀጥሩት ነበር።

እጁ መሐል ላይ ቆመ።

«ምነው?»

«ምንም።» ምራታቸው ሳሙናውን አስቀመጠች። «እናቴን አላጠብኳትም። ስትሞት ሩቅ ነበርኩ። በአውቶቡስ ስደርስ ሰዎች አጥበው ገንዘዋት፣ አልቆ ነበር። ሁልጊዜ… ምናለ አንድ ጊዜ እንኳን እላለሁ።»

እትዬ እንፋሎት ይህን ሰምተው አያውቁም። አምስት ዓመት አንድ ጣሪያ ሥር ኖረዋል፤ አንድም ቀን አልጠየቋትም። እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው፣ ባበጡት ጣቶቻቸው እርጥብ ክንዷን ያዝ አደረጉ። ሲከለክሏት የኖሩት ነገር ለእሷም ያስፈልጋት እንደነበር ገባቸው። ምን ማለት እንዳለባቸው ትንሽ አሰቡ። እንደ ትምህርቱ ቀናት የሚያነቡት ወረቀት የለም።

«እንግዲያው» አሉ ለስለስ ብለው፣ «አትቸኩይ። ጀርባዬን ድገሚው።»