ማሽላው ከየትኛው ነው?

በኮምፒውተር ሕንፃ ማስላት የጀመርኩ ሰሞን የመጀመሪያዋ ቤቴ መቆም አቃታት። አንድ ክፍል፣ አራት ምሰሶ፣ ከላይ አንድ የኮንክሪት ሶሌታ ብቻ ነበረች። ምሰሶዎቹን ከመሬት ጋር ማሰር ረስቼ ኖሮ ሶፍትዌሩ ቤቷ እንደማትረጋ ነገረኝ። እኔ ደግሞ ጥፋቱ የራሱ ነው ብዬ ሁለት ቀን ሙሉ ተጣላሁት። ግትር ነኝ፤ እናቴም ትመሰክራለች። በሦስተኛው ቀን ግርጌያቸውን አሰርኩና ቤቷ ቆመች።

ዩኒቨርሲቲ እያለን የምናሰላው ባብዛኛው በእጃችን ነበር። ሶፍትዌሩን የተማርኩት ከተመረቅኩ በኋላ፣ ቆቦ መናኸሪያው ጀርባ በተከራየኋት ጠባብ ቢሮ፣ ከኢንተርኔት ቪዲዮ እያየሁ ነው። ኔትወርክ ሲጠፋ ደብተሬ ላይ ከጻፍኩት እቀጥላለሁ። ጥቂት ወር ሳይሞላኝ እጄ ፈታ፤ መኩራትም ጀመርኩ። ያኔ ነው ሐጂ የመጡት።

ሐጂ እህል ነጋዴ ናቸው፤ ከጎብዬና ከዋጃ ገበሬዎች ማሽላ ይገዛሉ። ዋናው መንገድ ዳር ባለ አንድ ፎቅ ቤት ሊሠሩ ፈልገው ነበር፤ ታች ሱቅ፣ ላይ መኖሪያ፣ ጣራው ዝርግ ሶሌታ። ስሌቱን ሠራሁላቸው። ስክሪኑ ላይ ሁሉም ተሸካሚ አረንጓዴ ሆነ፣ ጭነቱን ይችላል ማለት ነው፤ አትሜ ፈረምኩ። የግንባታው ፎርማን የከተማውን ግማሽ የገነባ ሽማግሌ ሰው ነው፤ ላፕቶፔን «ሳጥንሽ» እያለ ነበር የሚጠራት።

የመሠረቱ ፌሮ ታስሮ፣ ኮንክሪቱ በማግስቱ ሊሞላ፣ ላፕቶፔን ይዤ ሳይቱ ላይ ወረድኩ። እውነቱን ለመናገር ጉራዬን ልነፋ ነው የሄድኩት። ለሐጂ ቤታቸውን ስክሪኑ ላይ እያዞርኩ አሳየኋቸው። ጭነት ሁለት ዓይነት ነው አልኳቸው፤ ሙት የሚባለው የቤቱ የራሱ ክብደት ነው፣ ሕያው የሚባለው ደግሞ መጥቶ የሚሄደው፣ ሰውም ዕቃም። አገጫቸውን ይዘው አዳመጡኝ።

«ልጄ፣ የኔ ማሽላስ ከየትኛው ነው?» አሉ።

የትኛው ማሽላ እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ጣራው ላይ የምደረድረው ነዋ። አውድማ ካለቀ እስከ ክረምት እኮ እዚያው ነው የሚከርመው።»

ፎርማኑ ሳቀ። ቆቦ ውስጥ ዝርግ ጣራ ሠርቶ ባዶውን የሚተው ማን አለ? እኔ ራሴ ማሽላ በልቼ ያደግኩ የራያ ልጅ ነኝ፤ የአባቴ እህል በየዓመቱ የሚሰጣው የጎረቤታችን ጣራ ላይ ነበር። ግን ሶፍትዌሩ የጣራውን ጭነት ሲጠይቀኝ በቪዲዮው እንዳየሁት «ለጥገና ካልሆነ ሰው የማይወጣበት» ብዬ ሞልቼዋለሁ። ፊቴ ጋለ፤ አፈርኩ፣ ከማፈሬም በላይ በራሴ ተናደድኩ። ያ ሁሉ ማሽላ የሚያርፈው ላይኛው ቤት በሚኖሩት ሰዎች አናት ላይ ነው።

ዝም ብል የሚያውቅብኝ አልነበረም። ለሐጂም ማሽላው ቀላል ነው ብላቸው ያምኑኝ ነበር።

«ሐጂ፣ ተሳስቻለሁ» አልኩ። «ነገ ኮንክሪት አይሞላም።»

ፎርማኑ ሠራተኛው ተጠርቷል፣ ማቡኪያው መጥቷል ብሎ ተቆጣ። ሐጂ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ጠየቁኝ። ሁለት ቀን አልኳቸው።

«ኢንሻአላህ» አሉ።

የዚያኑ ዕለት መጋዘናቸው ሄጄ ጆንያ ቆጠርኩ፣ አንዱን አስመዘንኩ፣ ስንት ደርብ እንደሚደረድሩና በየትኛው ግድግዳ በኩል እንደሆነ ጠየቅኩ። ቢሮዬ ተመልሼ ለጣራው አዲስ ጭነት ከፈትኩና ስሙን «ማሽላ» አልኩት። አስልቶ ሲጨርስ ተሸካሚዎቹ ቀልተው ወጡ፣ መሀለኛው ከሁሉም የባሰ። ደስ አለኝ። ስክሪን ላይ ቢቀላ ማንንም አይገድልም። ተሸካሚውን አወፈርኩ፣ ምሰሶ ጨመርኩ፣ መሠረቱን አሰፋሁ። ፎርማኑም እያጉረመረመ ፌሮውን ፈቶ እንደገና አሰረው።

ቤቱ አልቆ የመጀመሪያው ምርት ሲገባ ሐጂ ሻይ ጠጪ ብለው ጠሩኝ። ስደርስ ወዛደሮቹ ጆንያ ተሸክመው ደረጃውን ይወጣሉ፣ ባዶ እጃቸውን ይወርዳሉ። ሐጂ ላይኛው ቤት አስገብተውኝ፣ ወንበር አምጥተው ልክ መሀለኛው የጣራ ተሸካሚ ሥር አስቀመጡልኝ። እንደ ዋዛ ይሁን አስበውበት አላውቅም። ተቀመጥኩ። ሻዬን ቀስ ብዬ ጠጣሁ እንጂ ቀና ብዬ አላየሁም።

ፎርማኑ በሩ ላይ ቆሞ ጣራውን ያያል፤ ላይ ጆንያ ዱብ ባለ ቁጥር ዓይኑ ወደ ተሸካሚው ይሄዳል።

«ያቺ ሳጥንሽ ማሽላ አወቀች?» አለኝ።

«አስተማርናት» አልኩት።

ከዚያ ዱካ ስቦ አጠገቤ ተቀመጠና ለሱም ሻይ እንዲቀዳለት ጠየቀ።