ከማራኪ እስከ የሺ ደብር

ጎንደር ማራኪ፣ ንጋት

የሺን ከሞት የመለሳት ምን ነበር? እኔ ጎንደር ላይ የጽኑ ሕሙማን ነርስ ነኝ። የሺ በወለደች በወሯ ልቧ ደም መግፋት አቅቶት መጣች፤ የደም ግፊቷ ወርዶ፣ ሳንባዋ ውኃ ቋጥሮ፣ እግሮቿ እስከ ጉልበቷ እንደ በረዶ ቀዝቅዘው። ልብን የሚያበረታ መድኃኒት በጠብታ ሰጠናት፤ ውኃውን በሽንት አስወጣን። ያው መድኃኒት፣ ያው እጅ ሌሎችን አላተረፈም። በዚያ ጭንቅ እግሯን እየዳበስሁ ለአገሯ ማርያም ተሳልሁ፦ ይህች ልጅ ከተነሣች ደብርሽ ድረስ መጥቼ እሳለማለሁ። ለማንም አልነገርሁም። ፊደል የቆጠርሁት ዘግይቼ፣ በብዙ ድካም ነውና ያልተለካ፣ ያልተጻፈ ነገር አልቀበልም፤ በዚህ የሚያውቁኝ ባልደረቦቼ ስለቴን ቢሰሙ ይሥቁብኛል። ዛሬ፣ ከወራት በኋላ፣ ስለቴን ላደርስ ወደ አገሯ ጃናሞራ መንገድ ጀመርሁ።

ደባርቅ፣ ረፋድ

ብርድ፣ ጋቢ፣ ትኩስ ድንች በሚጥሚጣ። ሾፌራችን አያ ሙላት አፉን ሞልቶ ይጠይቀኛል።

«ሲስተር፣ ጃናሞራ በምን ጉዳይ?»

«በሽተኛ ልጠይቅ።»

«ቤት ድረስ ሄዶ በሽተኛ የሚጠይቅ ሐኪም ዛሬ አየሁ! ምነው፣ ጎንደር ላይ አለቀባችሁ?»

ተሳፋሪው በሙሉ ሣቀ። ጭነቅ የሚባለውን ቦታ ካለፍን በኋላ ማኪናው የቧሂትን ተራራ እያቃሰተ ይወጣል፤ ግራ ቀኙ የጅባራ ተክል፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ። አያ ሙላት መሪውን ይዳብሳል፦ «አይዞሽ የኔ ሸጋ፣ ትንሽ ግፊ!» እኔም ለየሺ ልብ ያልሁት ይህንኑ ነበር፤ ብቻዬን ሣቅሁ።

መካነ ብርሃን፣ አመሻሽ

የሺ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። ቆማ! ሳልስማት ጎንበስ ብዬ እግሯን ነካሁ። ሙቅ ነው።

«ምነው ልጄ፣ እግር መሳም የሚገባን እኛ!» አሉ እናቷ እትየ ብርቄ።

የየሺ ልጅ ምንጣፉ ላይ ይድሃል። ለእንግዳ የበግ ወጥ፤ ለየሺ ባሏ ደሳለኝ ለብቻው ያለ ጨው የሠራው። «አገሩ ሁሉ አልጫው ደሳለኝ ይለኛል» አለ እየሣቀ።

ቀጥሎ እትየ ብርቄ፦ «ነገ ስለታችንን እናስገባለን። ከዚያ ወዲያ ክኒን የለም። ማርያም ያዳነችውን በክኒን ማስጠበቅ እሷን መጠራጠር ነው።»

የሺ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። በየቀኑ የምትውጠውን የልብ ክኒን ከተወች ውኃው ወደ ሳንባዋ ይመለሳል፤ ወደ ሆስፒታል ልምጣ ብትል ደግሞ ያን ቧሂት ዳግመኛ በሕይወት አትሻገረውም።

ማርያም ደብር፣ በማግስቱ

ቅዳሴ አለቀ። የተሳሉት ጥላ በእልልታ ገባ። እኔ ደጁን ስሳለም የሺ አጠገቤ ነበረች።

«ሲስተር፣ አንቺም ስለት ነበረሽ?»

«አንቺ ነበርሽ ስለቴ» አልኋት። «እግርሽ በቀዘቀዘ ጊዜ ተሳልሁ። ተስዬም መድኃኒቱን አላቋረጥሁም።»

እትየ ብርቄ ዘወር አሉ። «ተጠራጥረሻት ነዋ?»

«ኧረ እትየ! እሷ እየለመነችልን እጄ ሥራ ይፍታ?»

ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«በይ፣ የጧቱን አልዋጥሽም። ደሳለኝ፣ ክኒኑን ወዲህ በል!»

ጠበሉን በጣሳ ራሳቸው ቀድተው አቀበሏት። የሺ ክኒኑን በጠበሉ ዋጠችው፤ እናቷ እልል አሉ።