አይዞሽ እያሉ ያናደዱኝ ቄስ

እናቴ ታማ (አሁን ድናለች) ወደ ዘጌ በጀልባ ስሄድ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ከባሕር ዳር ስንነሳ ጣና ጸጥ ብሎ ነበር። መሀል ላይ ስንደርስ ግን ነፋሱ ተነሳ፤ ሞተሩም ጠፋ። ማዕበሉ ጀልባዋን እያንገላታ ውኃ ያስገባብን ጀመር። ዋና ደግሞ አልችልም። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ቄስ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ «አይዞሽ፣ እግዚአብሔር አለ። አልተውሽም ብሏል» ይላሉ። እንደገና ይደግሙታል።

መጀመሪያ ታገሥሁ። በአምስተኛው ግን ደሜ ፈላ። እኔ በሁለት እጄ ውኃ እየዛቅሁ፣ እናቴን ሳላያት ልሞት ነው ስል፣ እሳቸው ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ እንደተቀመጠ ሰው ያጽናኑኛል! ይበልጥ ያበሸቀኝ ዓይናቸውን እንኳ አለመግለጣቸው ነው።

«አባ፣ ይተዉኝ!» ብዬ ጮኽሁባቸው። «እርስዎ ምን አለብዎት? አይፈሩም። እኔ ግን ፈርቻለሁ! ሁለተኛ አይዞሽ አይበሉኝ!»

ባለጀልባው እንኳ ደንግጦ ከሞተሩ ቀና አለ። ቄስ ላይ እንዲህ መጮኼ ለራሴም ገረመኝ፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ቄሱ ዓይናቸውን ገለጡ። የጀልባዋን ጠርዝ አንቀው የያዙበት እጃቸው ደም አጥቶ ነጥቷል።

«ይቅር በይኝ ልጄ» አሉኝ። «አንቺን መች አልሁ? ወንድሜን የበላው ይኸው ውኃ ነው። እኔ አይዞሽ የምላት ነፍሴን ነው።»