ፉንዲ ረሳሁት

ልጅ እያለሁ የቤታችን ምላስ እኔ ነበርኩ። አባዬ ከመሀል አገር መጥቶ ኬንያ ሞያሌ ላይ ትንሽ ሆቴል ሲከፍት ስዋሂሊው ከሰላምታ አያልፍም ነበር። ገበያም ሆነ ክሊኒክ፣ የትም ሲሄድ ያስከትለኛል። ገና በአስር ዓመቴ ፖሊሱ ከአባዬ ጋር የሚነጋገረው በእኔ አፍ ነበር። ያየኝ ሁሉ «ጎበዝ!» ይለኛል። ይህ ጉብዝና ክፉኛ አበላሽቶኛል፤ «አላውቅም» ከማለት ምላሴን ብነክስ ይሻለኝ ነበር።

አንድ ዓመት ትምህርት ቤት ሲዘጋ አባዬ በአሮጌዋ መኪናችን ሐዋሳ ሊያዝናናን ወሰነ። እኔና ታናሽ ወንድሜ ሐይቅ አይተን አናውቅም። ሳምንቱን ሙሉ ግቢው በዳቦ ቆሎ ሽታ ታወደ፤ ወንድሜም ምንጣፍ ላይ በሆዱ ተኝቶ እየተንፈራገጠ ዋና ተለማመደ። አባዬን ያስጨነቀው ድንበሩን ስንሻገር ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ መቀየሩ ነበር። «ቀኝህን ያዝ» ብሎ በቀይ እስክሪብቶ ጻፈና መሪው ፊት ለጠፈው። የእኛ መኪና መሪዋ በቀኝ ስለሆነ፣ እዚያ ማዶ ሌላ መኪና ለመቅደም ከፊት የሚመጣውን የምታይለት ግራ የምትቀመጠው እማዬ ነበረች። «ግራውን ለእኔ ተወው» እያለች ትስቅበታለች።

መኪናዋን የሚያያት ሙቱማ ነበር። ሞያሌ መካኒኩን ፉንዲ ነው የሚለው፤ ፉንዲ ሙቱማ ከታች ከሜሩ መጥቶ ወደ ሄሉ በሚወስደው መንገድ ዳር ጋራዥ የከፈተ፣ ድምፁ የማይሰማ ሰው ነው። ልንሄድ አንድ ቀን ሲቀረን ጋራዡ ሄደን አባዬ ጎማዎቹን በእግሩ እየመታ ዞረና «ክሪኩ መኪናው ውስጥ መኖሩን ጠይቂልኝ» አለኝ።

ክሪክ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። የእኔ አማርኛ የማዕድ ቤትና የቁጣ አማርኛ ነው፤ የመኪና ዕቃ አልገባበትም። ሾፌሮች ቆመው ስለሚሰሙ አባዬን «ምንድን ነው እሱ?» ማለት አፈርኩ። ሙቱማን በስዋሂሊ «ሁሉም ነገር አለ?» ብቻ አልኩት።

«ሁሉም አለ» አለኝ። «ጄኪ ብቻ ዘይት ያፈስሳል። ልጠግነው አውጥቼዋለሁ፤ አባትሽ ነገ ጠዋት ይውሰድ።»

ጄኪ ደግሞ በአማርኛ ምን እንደሚባል አላውቅም። አባዬ የጠየቀው ክሪክ፣ ፉንዲው የመለሰው ጄኪ። ለአንዱ ስዋሂሊው ጠፋኝ፣ ለሌላው አማርኛው። ሁለቱንም ዋጥኳቸውና አባዬን ቀና ብዬ አየሁት።

«አለ ይላል» አልኩ።

በማግስቱ ሜጋን አልፈን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ የኋላ ጎማችን ፈነዳ። አባዬ ዕቃውን ሁሉ አውርዶ ፈለገ፤ ክሪክ የለም። ከሦስት ሰዓት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ቆመልንና ሾፌሩ ረዳቱን «ክሪኩን አውርድ» አለው። አቧራው ላይ ዱብ ያለው መኪና ማንሻ ጄኪ ነበር። ፊቴ ነደደ። «አለ ብሎኝ እኮ ነው! ይሄ ሌባ!» ይላል አባዬ፣ ላቡን እየጠረገ። ያኔ መናገር እችል ነበር። የሐዋሳን ሐይቅ ሳየው እንኳ ደስ አላለኝም፤ ወንድሜ ውኃው ውስጥ ሲንቦጫረቅ እኔ ዳር ተቀምጬ ሆዴን ያመኛል አልኩ።

ስንመለስ አባዬ እጄን ይዞ በቀጥታ ጋራዡ ወሰደኝ። «ክሪኬን ሰርቀሃል በይው!» አለኝ በሾፌሮቹ ሁሉ ፊት። እየተንተባተብኩ ተረጎምኩ። ሙቱማ ገባና የተጠገነውን ክሪክ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ አመጣው።

«ኒሊምዋምቢያ ምቶቶ» አለ፤ ለልጅቷ ነግሬያታለሁ ማለቱ ነው።

«ምን አለ?» አለኝ አባዬ።

«ረሳሁት ይላል» አልኩ።

ሙቱማ ከኢትዮጵያ ሾፌሮች ጋር ውሎ ያችን ቃል ሳይማር አልቀረም፤ ቀና ብሎ አየኝ። ከአባዬ ጀርባ ስሸሸግ አይቶ ይመስለኛል፣ አንገቱን ዝቅ አደረገና ክሪኩን ለአባዬ ሰጠው። ስዋሂሊ የማይሰሙት ሾፌሮች ሳቁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ ፉንዲ ረሳሁት ሆነ። አንዳንዶቹ «ይሄ የሚረሳ ሰው ነው» እያሉ ሌላ ጋራዥ ሄዱ፤ የቀሩትም ስሙን ለአዲስ መጪ አስተማሩ። አንዲት ብሎን ረስቶ የማያውቅ ሰው በእኔ ውሸት ተጠርቶ አረጀ።

ባለፈው ቅዳሜ እኔም ልጆቼን ሐዋሳ ልወስድ መኪናዬን እሱ ዘንድ ይዤ ሄድኩ። ዛሬ ወረቀት መለጠፍ ቀርቷል፤ መንገዱን ስልኬ ይነግረኛል፣ ልጆቼም ያላወቁትን ቃል ሳያፍሩ ይጠይቃሉ። አባዬ አርጅቶ የእማዬን የግራ ወንበር ይዟል፤ ስቀድም የሚያይልኝ እሱ ነው። አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ረሳሁት! ክሪኩ አለ?» ሲል ጮኸ።

«አለ ጋሼ፣ በእጄ ነው ያስገባሁት» አለው ሙቱማ፣ ጥርት ባለ አማርኛ።

«ያኔ ጉድ ሠርተኸን ነበር እኮ!» አባዬ ይስቃል።

ሙቱማ እጁን በጨርቅ እየጠረገ አየኝ። ጠበቀኝ። እኔ ወደ ኋላ ዞሬ የልጆቼን ቀበቶ አጠበቅኩ።

«እውነት ነው ጋሼ» አለ በመጨረሻ። «ረሳሁት።»

ያኔ የጎደለኝ አንድ ቃል ነበር። ዛሬ ክሪክንም ጄኪንም አውቃለሁ፤ ይቅርታንም በሦስት ቋንቋ እችላለሁ። ቁልፉን አዙሬ ሞተሩን አስነሳሁ።